«ሳይነሴ ተነሳብኝ» ከማለት በፊት አልጋውን መፈተሽ

አገራችን ውስጥ አፍንጫው የታፈነ ሁሉ «ሳይነስ» አለበት። ማለዳ ከአልጋው ሳይወርድ አሥር ጊዜ የሚያስነጥሰውም፣ ቤት ሲጠረግ ዓይኑ የሚያለቅሰውም፣ ዕጣን ሲጨስ ደረቱ የሚጨነቀውም ያንኑ አንድ ስም ይዞ ፋርማሲ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ አሞክሳሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ይዞ ይመለሳል። ሳይነስ ግን የበሽታ ስም አይደለም፤ ሁላችንም ያለን፣ በግንባርና በጉንጭ አጥንት ውስጥ የሚገኝ ባዶ ክፍተት ነው። እሱ ሲቆጣ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ ይመጣል፣ ፊት ያማል፣ ጎንበስ ሲሉ ሕመሙ ይብሳል፣ ሽታ ይጠፋል። ጉንፋን ደግሞ ጉሮሮ ያማል፣ ሊያተኩስ ይችላል፣ በሳምንት ቢበዛ በአሥር ቀን ይለቃል።

ከእነዚህ የተለየው አለርጂ ነው። ንፍጡ እንደ ውሃ የቀጠነ ነው፣ ማስነጠሱ ተከታታይ ነው፣ ትኩሳት የለውም። አሳልፎ የሚሰጠው ምልክት ግን ማሳከኩ ነው፦ አፍንጫ፣ ዓይን፣ አንዳንዴም ላንቃ። አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ እየገፋ የሚጠርግ፣ ከዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ልጅ ካለ ጉንፋን የማይለቀው ልጅ ሳይሆን አለርጂ ያለበት ልጅ ሊሆን ይችላል። አሞክሳሲሊን ለዚህ ምንም አይፈይድም፤ የሚገድለው ባክቴሪያ የለምና።

መድኃኒት ከመግዛት በፊት ሁለት ሳምንት መመዝገብ ይቀድማል። ደብተር ላይ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ምልክቱ ስንት ሰዓት ላይ ተነሳ፣ የት ነበራችሁ፣ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ ምን ተሠራ። ከእንቅልፍ ሲነሱ ብሶ ወደ እኩለ ቀን የሚቀል ከሆነ ጥርጣሬው አልጋው ላይ ነው። ቁምሳጥን ሲከፈት ከሆነ አቧራ ወይም ሻጋታ። ድመት ያለበት ቤት በገቡ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ቡና ሲቆላና ከሰል ሲያያዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አለርጂ ላይሆን ይችላል።

ይህን የመጨረሻውን ልዩነት ብዙ ሰው ስለማያውቀው ገንዘቡንም ድካሙንም የማይሆን ቦታ ያፈሳል። አለርጂ ማለት የሰውነት መከላከያ አንድን የማይጎዳ ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲቆጥረው ነው፤ የድመት ምራቅ፣ የበረሮ ኩስ፣ የሣር ብናኝ። ጭስ፣ ሽቶ፣ በረኪና፣ ፍሊት ግን አስቆጪ ናቸው፤ ምንም አለርጂ የሌለበትንም ሰው አፍንጫና ሳንባ ይለበልባሉ። በርበሬ ሲወቀጥ ያስነጠሰ ሁሉ ለበርበሬ አለርጂ የለበትም፤ በርበሬ ሥራውን እየሠራ ነው። ችግሩ ሁለቱ መደጋገፋቸው ነው። ሌሊቱን አልጋው ላይ በአለርጂ ያበጠ አፍንጫ ጠዋት ትንሽ ጭስ ሲደርሰው ይፈነዳል፤ ሰውየውም ጭሱን ይወቅሳል። አልጋውን ግን የሚጠረጥረው የለም።

አልጋው ውስጥ ያለው ማይት የሚባል የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው። ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር ሲሶ አይበልጥም፣ በዓይን አይታይም፣ አይነክስም። የሚበላው ከሰውነታችን የሚረግፈውን ቅርፊት ነው። አለርጂ የሚያመጣው በዋናነት ኩሱ ሲሆን አንዱ ማይት በቀን ወደ 20 እንክብል ይጥላል። እንክብሉ ከበድ ስለሚል አየር ላይ ብዙ አይቆይም፤ አልጋ ሲነጠፍ ወይም ቤት ሲጠረግ ይነሳና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ያርፋል። ትራስ ላይ ፊታችንን ደፍተን ስምንት ሰዓት ስንተኛ ግን መነሳት እንኳ አያስፈልገውም።

ማይት ውሃ አይጠጣም፤ እርጥበቱን ከአየር ይመጥጣል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ሲሰነብት ደርቆ ያልቃል። «አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ማይት የለም» የሚል አባባል የሚሰማው ከዚህ ተነስቶ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ያሉ ደረቅ ተራሮች ላይ እውነት ነው። ከአዲስ አበባ ይበልጥ ከፍ ብላ 2,850 ሜትር ላይ በተቀመጠችው የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ግን የቤቱ አቧራ ማይት ሞልቶበታል። ወሳኙ ከፍታው ሳይሆን እርጥበቱ ነው። በበጋ ከጥቅምት ወዲያ አየሩ ይደርቃል፣ ማይቱም ይመነምናል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መስኮት ይዘጋል፣ ልብስ ቤት ውስጥ ይሰጣል፣ ቁጥሩ ያሻቅባል። በዚያ ላይ የሰው ገላ አልጋውን ያሞቀዋል፣ በላቡም ያረጥበዋል። የሞተው ማይትና ኩሱ ከፍራሹ ውስጥ ስለማይወጡ አለርጂው በጋውንም ሙሉ ሊቀጥል ይችላል።

ማይት የሚሞተው ከ55 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ኩሱን በአብዛኛው ያወጣል፤ ማይቱን ግን አይገድለውም፣ ወዲያው ይራባል። ማሽን ካለ 60 ላይ ማድረግ ነው። በእጅ የሚታጠብ ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 12 ሊትር የፈላ ውሃ 6 ሊትር የቧንቧ ውሃ ላይ ሲገለበጥ ወደ 67 ዲግሪ ይሆናል፤ ባልዲውና ጨርቁ ሙቀት ሲወስዱ 60 አካባቢ ያርፋል። አንሶላውንና የትራስ ልብሱን ሙሉ በሙሉ ንከሩት፣ በዱላ አገላብጡት፣ ከድናችሁ 30 ደቂቃ ተዉት፣ ሲበርድ እንደወትሮው እሹት። ይህ ውሃ ቆዳ ይልጣልና እጅ አይገባበትም፣ ልጆችም አይቅረቡ። እኩል ለእኩል ቢቀላቀል 55 አካባቢ ነው የሚጀምረው፤ ጨርቅ ሲገባበት ወዲያው ይወርዳል። «በሙቅ ውሃ እያጠብኩት ለውጥ የለም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ያጠበው ለብ ባለ ውሃ ነው።

አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ። ብርድ ልብስና ጋቢ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ። ጋቢ የሚረሳው ቆሻሻ ስለማያሳይ ነው፤ ቀን ትከሻ ላይ፣ ማታ አልጋ ላይ የሚውል ጨርቅ ግን ከአንሶላው ምን ይለየዋል? የልጅ የጨርቅ አሻንጉሊት ሙቅ ውሃ የሚያበላሸው ከሆነ በፌስታል ቋጥሮ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ቀን ማሳደርና ከዚያ በቀዝቃዛ ማጠብ ይበቃል። ፍሪዘሩ ይገድላል እንጂ ኩሱን አያወጣም፤ ለዚህ ነው ማጠቡ የሚከተለው።

ፀሐይም እንደዚያው ናት። ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ማስመታት እናቶቻችን ያቆዩን ጥሩ ልማድ ነው፤ በደረቅ ቀን ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የዋለ ፍራሽ ይደርቃል፣ ይሞቃል፣ ማይቱም ይጎዳል። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገለበጠ ግን ማይቱ ወደ ጥላው ጎን ይሸሻል። ከዚያ በኋላ መራገፍ አለበት፤ የሚያራግፈውም አለርጂ የሌለበት ሰው ይሁን፣ አፍንጫና አፉንም ይሸፍን።

የስፖንጅ ፍራሽ ማይት አይዝም የሚለውን አትመኑ። ከጥጥና ከገለባ ፍራሽ ይሻል ይሆናል፤ ስንት ዓመት የተተኛበት ስፖንጅ ግን ሞልቷል። መፍትሔው ፍራሹንና ትራሱን በስድስቱም ጎን በዚፕ የሚዘጋ ሽፋን ውስጥ ማስገባት ነው። የሽመናው ቀዳዳ ከ10 ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ) በታች መሆን አለበት፤ ስለዚህ አቡጀዲ አይሆንም። ልዩ ሽፋኑ ካልተገኘ ወፍራም ፕላስቲክ፣ መገጣጠሚያው በሰፊ ፕላስተር ተዘግቶ፣ ላዩ ላይ ላብ የሚመጥ ቀጭን የሚታጠብ ብርድ ልብስ ተነጥፎበት ያገለግላል። አዲስ ፍራሽ የመጣበት ስስ ላስቲክ በወር ውስጥ ስለሚቀደድ ለዚህ አይበቃም። ሽፋን ብቻውን ግን ተአምር አይሠራም። በፈረንጆቹ 2003 በብሪታንያ ከ1,000 በላይ አዋቂ የአስም ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ሽፋኑን ብቻ የተጠቀሙት ካልተጠቀሙት የተሻለ አልሆነላቸውም። ሽፋን፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ምንጣፍ ማንሳት አንድ ላይ ሲሄዱ ነው የሚታይ ነገር የሚመጣው።

ገንዘብም ጉልበትም ውሱን ከሆነ ሳሎኑን ተዉትና መኝታ ቤቱን ብቻ ያዙ። ምንጣፉ ይውጣ፣ የበግ አጎዛ ይውጣ፣ ከአልጋ ሥር የተከመረው ሻንጣና ጫማ ይውጣ። ወፍራም መጋረጃ በሚታጠብ ስስ ይለወጥ። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ ወይ ውሃ ተረጭቶ፣ ወይ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ቫኪዩም የምትገዙ ከሆነ ስሱን ብናኝ የሚይዝ ሄፓ የተባለ ማጣሪያ ያለው ይሁን፤ ያለዚያ ትልቁን ቆሻሻ ወስዶ ስሱን አቧራ በኋላው ይተፋዋል። አለርጂ ያለበት ሰው ሲጠረግ ይውጣ፣ ካለቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይግባ።

አሮጌ ቤት ውስጥ ያላችሁ ቀና በሉ። በጨርቅ የተወጠረ ኮርኒስ የዓመታት አቧራ ተሸክሟል፤ ላዩ ላይ አይጥ የሚሯሯጥ ከሆነ ሽንቷም ራሱን የቻለ የአለርጂ ምንጭ ነው። አልጋውን ከተቀደደው ጥግ ሥር ማንሳትና ቀዳዳውን መድፈን የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሻጋታ የክረምት ጉዳይ ነው። የረጠበ ነገር በአንድ ወይም በሁለት ቀን ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። ቁምሳጥን ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲቆም ከጀርባው አየር አይዞርም፣ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ እርጥበት ያላበዋል፤ ሐምሌ ላይ ልብሱ ይሸታል፣ ጳጉሜን ላይ ግድግዳው ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። አንድ ጋት ያህል ማራቅ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ሰድር ላይ ላለ ሻጋታ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር፣ አሥር ደቂቃ አቆይቶ ማሸት፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ማደባለቅ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል፤ አስም ያለበትን ሰው ሆስፒታል ይጥላል፣ ጤነኛውንም አይምርም። ቺፑድና ኖራ ላይ በረኪና ላዩን ያነጣዋል እንጂ ሥሩን አይነካም፤ የሻገተው ቺፑድ ተቆርጦ ይጣላል። ቀለም ቀብቶ መሸፈን ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት ቀለሙን ጭምር ለማርገፍ መዘጋጀት ነው። ከሁሉ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታይ፦ የተበሳ ቆርቆሮ፣ የተዘጋ አሸንዳ፣ የሚያፈስ ሮቶ።

በረሮ በአለርጂ ምንጭነቱ ከሚገባው በታች ይፈራል። ሰው የሚጠላው ለአስቀያሚነቱ ነው፤ ኩሱ፣ ምራቁና የሚረግፈው ቅርፊቱ ግን የልጆችን አስም በጣም ከሚያባብሱት ውስጥ ናቸው። ፍሊት መንፋት ሁለት ጊዜ ያከስራል። አንደኛ፣ ፍሊቱ ራሱ የአስም ሕሙማንን ያስነሳባቸዋል። ሁለተኛ፣ ያልሞተው ወደ ጎረቤት ክፍል ይበተናል። የሚሻለው ጄል ማጥመጃ ነው፦ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ከፍሪጅ ሞተር ጀርባ፣ ከምድጃ ሥር፣ በእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ዙሪያ፣ በካቢኔ ማጠፊያዎች ላይ፤ ለአንድ ወጥ ቤት ከ10 እስከ 20 ቦታ። ልጅና እንስሳ የማይደርስበት ይሁን። ማጥመጃው አጠገብ ፍሊትም በረኪናም አይነካካ፤ ሽታው ያሸሻቸውና ሳይበሉት ይቀራሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያደርግና «ጄሉ አይሠራም» ይላል። ትንሿ ቡናማ በረሮ በአንድ የእንቁላል ከረጢት ከ30 በላይ ትይዛለች፤ ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገም። በረሮ ያለ ምግብ አንድ ወር ይቆያል፣ ያለ ውሃ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ማስጠገን ከማጥመጃው እኩል ዋጋ አለው። በረሮው ካለቀ በኋላ ካቢኔው በሳሙና ውሃ ካልታጠበ ኩሱ ለወራት አለርጂውን ይቀጥላል።

ስለ ድመት አጭር ነው። አለርጂው ከፀጉሯ ሳይሆን ከምራቋና ከቆዳዋ ዕጢዎች ነው፤ ብናኙ በጣም ስስ ስለሆነ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ በልብስም ይጓዛል። ድመቷ ከቤት ብትወጣ እንኳ ለመጥራት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልተሻለኝም፣ ስለዚህ እሷ አይደለችም» ማለት ስህተት ነው። ቢያንስ መኝታ ቤት አትግባ። ግቢ የሚያድር ውሻ ብዙ አያስቸግርም፣ የሚያቅፈው ሰው ልብሱን ካልቀየረ በቀር።

ከቤት ውጭ ያለውን በተመለከተ በመጀመሪያ አደይ አበባን ነጻ ልልቀቃት። ብናኟ ከባድና ተለጣፊ ነው፣ የሚያመላልሰው ንብ እንጂ ነፋስ አይደለም። በመስከረም የሚያስነጥሰው አብሯት የሚያብበው፣ ማንም ልብ የማይለው ሣር ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ረፋድ ላይ መስኮት መዝጋት፣ ከውጭ ሲገቡ ልብስ መቀየርና ፊት መታጠብ፣ አንሶላ ሣር ላይ አለማስጣት። በአጥር የሚተከለው የፈረንጅ ጽድም ብናኙን በነፋስ የሚልክ ነው።

ቅንጨ አረም ግን ከሁሉም ይለያል። በወሎ፣ በሐረርጌ፣ በስምጥ ሸለቆ፣ አሁን አሁን በየከተማው የግንባታ ቦታ ሁሉ የሚበቅለው ነጫጭ አበባ ያለው አረም ነው። ብናኙ አፍንጫን ያስቆጣል፤ ተክሉ ደግሞ ቆዳን፣ በተለይ ፊት፣ ሽፋሽፍት፣ አንገትና የክንድ እጥፋት ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል። ሽፍታው ከነኩት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሚመጣ ሰው ከአረሙ ጋር አያያይዘውም። ሲነቀል ሳያብብ፣ በጓንትና በረጅም እጅጌ ይሁን።

ወደ ጭሱ እንመለስ። ቡና አይፈላ የሚል ሰው አገር ውስጥ መኖር አይችልም፤ እኔም አልልም። ከሰሉ ግን ውጭ ተያይዞ ፍሙ ከቀላ በኋላ ይግባ፣ መቁላቱ በመስኮት አጠገብ ይሁን፣ ዕጣኑ ቁንጥር ይበቃዋል፣ አስም ያለበት ሰው በር በኩል ይቀመጥ። ሌሊት ቤት ለማሞቅ ከሰል ይዞ መተኛት የአለርጂ ጉዳይ አይደለም፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። አንድ ነገር በቅንፍ፦ የጥሬ ቡና አቧራ እውነተኛ የአለርጂ ምንጭ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ቡና ሲለቅሙ የሚውሉ ሴቶች አፍንጫቸው ቢታፈን፣ ደረታቸው ሲር ቢል ጉንፋን ብለው አይለፉት። የወፍጮ ቤት ሠራተኛና ዳቦ ጋጋሪም ለዱቄቱ እንደዚያው ነው።

ውጭ አገር የሄዱ ወገኖች «አገር ቤት እያለሁ ምንም አልነበረብኝም» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። አለርጂ ከአዲሱ ብናኝ ጋር ጥቂት ዓመት ከኖሩ በኋላ ነው የሚበቅለው። ዋሽንግተን አካባቢ ሚያዝያ ላይ ኦክ የተባለው ዛፍ፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ራግዊድ የተባለው አረም ያስነሳዋል። ራግዊድ ከቅንጨ አረም ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ በተነጠፈበት አፓርታማ ውስጥ ደግሞ ማይቱ አለ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉት የኤሲው (የአየር ማቀዝቀዣው) ማጣሪያ በየወሩ ይታጠብ፤ ውሃ የሚያንጠባጥብ ኤሲ ውስጡ ሻግቷል።

ይህ ሁሉ እየተሠራ አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ይረዳል። 250 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ። ውሃው ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፣ ለብ ሲል ይጠቀሙበት፤ ያልፈላ የቧንቧ ውሃ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት ለጊዜው የከፈተ ይመስላል እንጂ አለርጂውን አይነካም፤ የፈላ ድስት ላይ ብርድ ልብስ መከናነብም በልጆች ላይ ብዙ ቃጠሎ አድርሷል።

አፍንጫ የሚከፍቱትን ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን ጠብታዎች ከአምስት ቀን በላይ አትውሰዱ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ራሱ አፍንጫውን ይዘጋዋል፣ ሰውም ለመክፈት ደግሞ ይጨምራል፤ «ያለ ጠብታ አልተነፍስም» የሚለው ሰው እዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው ያለው። ለማሳከክና ለማስነጠስ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት ይሻላል። ለመታፈን ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው፤ በቀኝ እጅ ለግራ ቀዳዳ፣ በግራ እጅ ለቀኝ ቀዳዳ፣ ጫፉ ወደ ጆሮ በኩል ዞሮ ይነፋል። ወደ መሃሉ ግድግዳ ከተነፋ ያደማል። ሙሉ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው።

ደረት ሲር ሲር ካለ፣ ሌሊት ሳል ከቀሰቀሰ፣ የአስም ምርመራ ያስፈልጋል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ ካጠረው በዚያው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል። በአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚታፈንና ደም የቀላቀለ አፍንጫ አለርጂ አይደለም፤ ለዚያ አንሶላ ማጠብ አይጀመርም፣ ቀጥታ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ይኬዳል።